መቀርቀሪያ የሌለው በር

ጥቅምት 3
ሱቅ ዋልኩ። ሦስት ቁልፍ ቀረጽኩ፤ በር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ አንድ ቁልፍ አወጣሁ። ልጄ፣ ፌንጣዬ፣ ከትምህርት ቤት ደጅ እየዘለለች ተቀበለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቆማ አታውቅም። ደህና ቀን።

ጥቅምት 6
ልጄን ጣላት። ወጥ ቤት፣ ወለሉ ላይ። ሁለት ደቂቃ ይሁን ሃያ... አላውቅም። እናቷ ትጮሃለች፣ እኔ ደርቄ ቀርቻለሁ። ከዚያ ተኛች። ምንድነው የሆነው?

ጥቅምት 9
ሐኪሟ "የሚጥል በሽታ ነው" አለች። መድኃኒቷን አታቋርጥ። ሲጥላት በጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። ብቻዋን አትዋኝ፣ ከፍታ ላይ አትውጣ፣ ሻወር ቤት አትቆልፍ። "ሌላውን ትጫወት፣ ልጅ ናት።"
ሌላው የቱ ነው? ወንበርስ ከፍታ ነው? ሳልጠይቅ ወጣሁ። አይ እኔ!

ጥቅምት 10
የቤቱን መቀርቀሪያ ሁሉ ፈታሁ። ገመድ መዝለሏን ከለከልኩ። ብስክሌቷን ለጎረቤት ሰጠሁ።
አማቴ ማንኪያ ይዛ መጣች፣ ሲጥላት አፏ ውስጥ ሊደረግ። ሐኪሟ አይሆንም ብላለች አልኳት። "እኔ ስድስት አሳድጌያለሁ። እሷ ስንት ወልዳለች?" ማንኪያውን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት 17
ፌንጣ መዝለል ትታለች። "አባዬ፣ መተንፈስስ ይፈቀዳል?" አለችኝ። ቀልዷን ነው... አልሳቅኩም። ሚስቴም "እሷን ነው የምትጠብቀው፣ ፍርሃትህን?" አለችኝ። አኩርፌ ወጣሁ።

ጥቅምት 21
ተርፋለች። ተመስገን።
ሻወር ቤት ነበረች። መቀርቀሪያ የለ፣ ሰው እንዳይገባባት ውሃ የሞላ ባልዲ በሩ ላይ አስደግፋለች። እዚያው ጣላት። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው... ባልዲው፣ እሷ፣ በሩ። የሰፈሩን በር ሁሉ የምከፍት ሰውዬ የራሴ አቃተኝ! ብገፋ ልጄን ልጨፈልቃት ነው። እናቷ ቀጭን ክንዷን በክፍተቱ አስገብታ ባልዲውን ገለበጠችው፤ ቀስ እያልን ገባን። በጎኗ አስተኛናት። ሦስት ደቂቃ። ዛሬ ሰዓት ይዣለሁ።
ስትነቃ "ለምን ባልዲ?" አልኳት።
"አፍሬ ነዋ፣ አባዬ።"
ማፈሯን እንዴት አላሰብኩም? ልጠብቃት ብዬ ከድጡ ወደ ማጡ ከተትኳት።

ጥቅምት 22
ጥያቄዬን ወረቀት ላይ ጽፌ ሐኪሟ ጋ ተመለስኩ። ብስክሌት? የራስ መከላከያ ቆብ ታድርግ፣ ከመኪና መንገድ ትራቅ፣ ሰው አብሯት ይሁን። ገመድስ?
"ገመድማ ማን ከለከላት?"
እኔ።

ጥቅምት 24
የሻወር ቤቱን በር ወደ ውጭ እንዲከፈት ገልብጬ ገጠምኩት። ፌንጣ "ሰው አለ" ብላ ጽፋ ሰቀለችበት። ደንብም አወጣን፦ ታጥባ እስክትጨርስ ትዘፍናለች፣ ከእናቷና ከእኔ አንዳችን ደጅ እንቆማለን፣ ሳንጠራት አንከፍትም። ብስክሌቷን ከጎረቤት አስመለስኩ። አፈርኩ፣ ግን አስመለስኩ።

ጥቅምት 30
ገመዷን ይዛ ስትዘል ዋለች። ስንቴ ልቤ እንደጠፋ እኔ ነኝ የማውቀው።
ከዚያ ልትታጠብ ገባች። ድምጿ ጆሮ ይበሳል፤ ከእኔ ነው የወረሰችው። መሃል ላይ ዝም አለች። እጄ በሩ ላይ ነው... ልክፈት? ልጥራት?
"ፌንጣ!"
"አለሁ አባዬ! ግጥሙ ጠፍቶኝ ነው።"
እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀሪውን እኔ ከደጅ አወጣሁላት፤ እሷ ከውስጥ ተቀበለችኝ።