አርባ ሦስት የሩፋኤል ልጆች

ጎንደር፣ ኅዳር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለዋኘው
ላይፕዚግ

ውዴ ዋኘው፣ እንደምን ከረምክ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔና ወለላ ደህና ነን። ይኼን "ደህና ነን" ግን እንደ ሌላ ጊዜው አንብበህ አትለፈው፤ ደህና የሆንነው እስከ ዛሬ ነው። እስካሁን የጻፍኩልህ ሁሉ ሌላ ሰው ሳያነበው አልወጣም። ይኼኛውን ግን ሲስተር ሐረገወይን በቦርሳዋ ገበር ውስጥ ሰፍታ ታመጣልሃለች። የሠርጋችን ቀን ሚዜዬ የነበረችውን ነርሷን መቼም አትረሳትም። ለስድስት ወር ትምህርት ወደ እናንተ አገር ነገ ትበርራለች። ወፍራም ካፖርት የላትም፤ አንተ ፈልግላት።

በመጀመሪያ፣ ባለፈው ሳምንት በፖስታ የላክሁልህን ደብዳቤ አትመነው። "ዲስኬቱን ቶሎ ላክልኝ፣ መሥሪያ ቤቱ በጉጉት ይጠብቃል" ይላል። እጁ የኔ ነው፤ ቃሉ ግን የጓድ ክንዱ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጦ ነው ያስጻፈኝ። ዋኘው፣ ዲስኬቱን አትላከው። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ታገሠኝ።

የምጽፍልህ ከማሽኑ ክፍል ሆኜ ነው። መብራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሄዷል፤ ኮምፒዩተሩ ጨርቁን ለብሶ ተኝቷል። አንተ የምታውቀው ክፍል አይምሰልህ። መስኮቱ ላይ ብረት ተበይዶበታል፤ በሩን ጓድ ክንዱ ጠዋት ካስገባኝ በኋላ ከውጭ ይቆልፈዋል። "ለማሽኑ ጥበቃ ነው" ይላል። ሽንት ሲመጣብኝ በር እደበድባለሁ፤ ዘበኛው አያ ምናለ ቁልፍ ፍለጋ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ እኔ እዚህ የምሆነውን አታንሣው። ጓድ ክንዱ ማለት አንተ ስትሄድ የስታትስቲክስ ምክትል የነበረው ባለመነጽሩ ነው። አሁን ኃላፊያችን ሆኗል።

ሥራዬ ከአምና ጀምሮ አንድ ብቻ ነው። ከየቀበሌውና ከየገበሬ ማኅበሩ የተመዘገበውን ወንድ ሁሉ አስገባለሁ፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን። ከዚያ ማሽኑን "ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉትን አውጣ" እለዋለሁ፣ ያወጣል። የወጣው ዝርዝር ለብሔራዊ ውትድርና ይሄዳል። ልጆቹን በአዘዞ በኩል በከባድ መኪና ጭነው ሲወስዷቸው አይቻለሁ፤ የተመለሰ ግን አላየሁም። ያን ዝርዝር የማወጣው እኔ ነኝ። ፒያሳ ስወጣ የእናቶችን ዓይን ማየት ትቻለሁ።

ሚያዝያ ላይ ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር አሥራ አንድ ሰው ጎደለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። ለካ አሥራ አንዱም ጳጉሜ የተወለዱ ናቸው። ፕሮግራሙን የሠሩት ፈረንጆች ናቸውና ለነሱ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ብለህ ስታስገባለት ማሽኑ አይጮህም፣ አይከራከርህም፤ ቀኑን ባዶ ያደርግና ሰውዬውን ዕድሜ እንደሌለው ቆጥሮ ያልፈዋል። ደስ አለኝ። ስህተት ማግኘት እንዴት እንደሚያስደስተኝ ታውቀኛለህ። ለጓድ ክንዱ ልነግረው ብድግ ብዬ በሩን መታሁ። አያ ምናለ ቁልፉ ጠፍቶበት ኖሮ አንድ ሰዓት ያህል አቆመኝ። ቆሜ አሰብኩ። በሩ ተከፍቶ "ምነው፣ ምን ፈለግሽ?" ሲለኝ ሽንት ቤት ነው አልኩት።

በማግሥቱ ከእንፍራንዝ በመጣው መዝገብ ላይ የወንድሜን የላቀውን ስም አገኘሁት፤ በአንተ ብስክሌት ጉልበቱን ሲልጥ የከረመውን። ሃያ ዓመት ሆኖታል። ወረቀቱ ጥር 21 ይላል። እኔ ማሽኑ ላይ ጳጉሜ 3 ብዬ አስገባሁት። አላመነታሁም፤ ዛሬም ቢሆን አልጸጸትም።

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ሸጋ ነበር። ግን እናቴ ስለ ላቀው ስታስብ እህል አልቀመስ ብላ ከስታ አየኋት። ሰኔ ላይ እንፍራንዝ ስወርድ ሆዴ አልችል አለ፤ "አይዞሽ፣ ላቀውን ሩፋኤል ደብቆታል" ብዬ ነገሩን አጫወትኳት። ለማንም ላትናገር አስምዬአታለሁ። እሷም ለማንም አልተናገረችም፤ ለጎረቤቷ ለሽታዬ ብቻ ነው የነገረቻት። ሽታዬም ለእኅቷ ብቻ።

መስከረም ላይ አዲሱ ምዝገባ መጣ። ከእንፍራንዝ ዙሪያ ብቻ አርባ ሦስት ወንድ ልጆች፣ ሁሉም የተወለዱት ጳጉሜ 3። የባላገር እናት ቀን ቆጥራ አትነግርህም፤ ታቦት ነው የምትጠራልህ። ጸሐፊው "በማን ቀን ወለድሽው?" ይላታል፤ "በሩፋኤል" ትለዋለች፤ እሱም ይጽፋል። ሁለት ሦስቱ እንኳ ጳጉሜ አንድ ወይ አምስት ቢሉ ምን ነበረበት? እናቶቹ ሁሉ የሰሙት ሩፋኤልን ነው፣ የተናገሩትም ሩፋኤልን ነው። ፎርሙን ሳገላብጥ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የናቴን አፍ እያወቅሁ።

ጓድ ክንዱም መጀመሪያ ሳቀ። "የናንተ አገር ሴቶች ተቀጣጥረው ነው እንዴ የሚወልዱት?" አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና ስም በስም ያመሳክር ጀመር፤ አርባ ሦስቱም ዝርዝሩ ላይ የሉም። ጠራኝ። ግማሹን እውነት ነገርኩት፤ ማሽኑ ጳጉሜን አያውቅም አልኩት። "አስተካክዪዋ" አለኝ፤ ከማሽኑ ያልወጣ፣ በእጅ የተጨመረ ስም ወይም የተለወጠ ቀን ከላይ አይቀበሉትም። ያን ጊዜ ነው የዋሸሁት። ያለን የፕሮግራም መጻፊያ፣ ኤዲተሩ፣ አይመችም፣ አንድ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ቅንፍ ብረሳ አይነግረኝም፣ የኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ ማከያ፣ በላዩ የሚቀጠል ትንሽ ፕሮግራም፣ ካልተገኘለት በቀር አይሆንም አልኩት። ኤዲተሩስ እውነትም የተረገመ ነው፤ አንተም ስታማርረው ነበር። ጳጉሜን ለማስገባት የሚያስፈልገው ግን ዘጠኝ መስመር ነው። እቤቴ ወረቀት ላይ ጽፌ ጨርሼው፣ መልሼ ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

እዚህ አገር አይገኝም ስለው ነገሩ በዚያው ይቀራል ብዬ ነበር። አፌን በቆረጠው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሔት ይዞ ከች አለ። የኋላው ገጽ በሙሉ ማስታወቂያ ነው፤ ኤዲተር ላይ የሚቀጠሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ስህተት የሚጠቁም፣ ቅንፍ የሚቆጥር፣ የዕብራውያንና የዓረቦችን ወር ሳይቀር የሚያሰላ። "ለነሱ ካለ ለኛም አይጠፋም። ባልሽ ጀርመን አገር አይደለም እንዴ? ጻፊለት፣ ይፈልግ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዲስኬቱ በመጣ ማግሥት የመውጫ ወረቀትሽን እፈርማለሁ። አንቺም ልጅሽም ትሄዱለታላችሁ።"

ሁለት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ፊርማ ነው። እስካሁን "ማሽኑን ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም" እያለ ነበር የሚመልሰኝ። ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ በረገምኩትና በቀለለኝ። "ኮታው ካልሞላ የሚሞላው በኔ ነው" ብሎኛል፤ ይኼን ሲለኝ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር።

እና ጻፍኩልህ። እንደማታገኝ እርግጠኛ ሆኜ ነው የጻፍኩት። ለጳጉሜ የትኛው ፈረንጅ ግድ አለው ብዬ። አንተ ፈልገህ ስታጣ ራስህ ሠርተህ የምታመጣ ሰው መሆንህን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።

የጥቅምቱ ደብዳቤህ ሲመጣ ጓድ ክንዱ ራሱ ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ክፍል የሚጋራህ ሀንጋሪያዊ የሠራውን ማከያ ለምነህ ወስደህ፣ ሁለት ሳምንት ደክመህ፣ ጳጉሜን አስገብተህበታል። በዘመነ ሉቃስ የምትጨመረውን ስድስተኛዋን ቀን እንኳ አልረሳህም። መስመር ስጀምር ቀጣዩን እንደሚጠቁመኝ፣ ቅንፍ ስረሳ እንደሚያፏጭ ጽፈህልኛል። እሱን ስሰማ ምራቄን ዋጥኩ፤ እውነቴን ነው። ሦስት ዓመት በዚህ ዕውር ኤዲተር ስዳክር እንዲህ ያለ መሣሪያ ነበር የምመኘው። "አብሮኝ የሚማረው ታከለ በታኅሣሥ መጨረሻ ሲመለስ ይዞልሽ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ አንቺንና ልጄን ከባቡር ጣቢያ ነው የምቀበላችሁ" ይላል ደብዳቤህ። ጓድ ክንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ያ ዲስኬት እዚህ በገባ ቀን አርባ ሦስቱ ልጆች ዕድሜ ያገኛሉ። ላቀውም ያገኛል። የሱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ወረቀቱ ጥር፣ ማሽኑ ጳጉሜ ይላል፤ ወረቀቱ ጓድ ክንዱ ካዝና ውስጥ ስለሆነ እጄ አይደርስበትም። ማን እንደለወጠው ለማወቅ ብዙ አይመራመሩም። እዚህ ክፍል የሚቆለፍበት አንድ ሰው ነው።

ባዶ ወይም የተበላሸ ዲስኬት ላክልኝ ልልህም አስቤ ነበር። ግን ታከለ አብሮህ ተምሮ የሚመለስ ሰው ነው፤ ጓድ ክንዱ እሱኑ አስቀምጦ ያሠራዋል። ስለዚህ የምለምንህ ይኼን ነው። ለታከለ ምንም አትስጠው፤ ከሰጠኸውም መልሰህ ተቀበለው። ለመሥሪያ ቤቱ በፖስታ ጻፍ። "ተቻኩዬ ነበር፣ ስሞክረው አልሠራም፣ ለኛ አቆጣጠር የሚሆን ማከያ የትም የለም" በል። አልቻልኩም ብለህ ጽፈህ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ኩራትህን ለኔ ስትል ዋጠው።

ከዚያ ምን ይመጣል ብትለኝ፣ ፊርማው ይቀራል። ባቡር ጣቢያ አትጠብቀን። ጓድ ክንዱ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ያስመጣ ይሆናል፤ እስኪያስመጣ ግን የጥሩ የምልመላ ዙር ያልፋል፣ እነ ላቀው እህላቸውን ሰብስበው በየዘመዱ ይበተናሉ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ነው የማገኝላቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ሌት ተቀን አሰላስዬው ሌላ መውጫ አጣሁለት፤ አንተ ካገኘህለት ንገረኝ።

ያንተም ትምህርት በሰኔ ያልቃል። ና አልልህም። ባለፈው እሑድ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞላህ። አንተን ማሽኑ ያውቅሃል።

ስለ ወለላ ልጻፍልህ እንጂ፣ ስንቱን አወራሁ። ጥርሷ ሞልቷል። ቁጡ ነች፣ እኔን ነው የወጣችው ይላሉ። ፖስታ ባየች ቁጥር "አባ" ትላለች፤ የቀበሌ ጥሪ የመጣበትንም ተቀብላ ስማው ነበር። ከዚያ ሁሉ የሩፋኤል ልጅ መሐል የምጥ ሰዓቷን ቆጥሬ የምመሰክርላት ለሷ ብቻ ነው፤ አንተ በሄድክ በሦስተኛው ወር የወለድኳት። ባለፈው ጳጉሜ በሩፋኤል ቀን ዝናቡ አልቀረም፤ እናቴ ልብሷን አውልቃላት ከደጅ ለቀቀቻት። እጇን ዘርግታ ስትስቅ፣ ስትወድቅ፣ ስትነሳ፣ ይኼን ሳታይ መቅረትህ አንጀቴን በላው።

አንድ ቀን ሥራ ስፈታ ስሟን ማሽኑ ላይ አስገብቼ ዕድሜዋን ጠየቅሁት። ባዶ አወጣልኝ።

አያ ምናለ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ነው፤ የምሳ ሰዓት ደርሷል። ሐረገወይን ከበሩ ማዶ ቆማለች። ይኼን አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው። ዲስኬቱን ግን ወዲያው አታጥፋው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሥራበት። ወለላ ዋኘው፣ ጳጉሜ 3 ቀን 1977 ብለህ አስገባ። ስንት ዓመት፣ ስንት ወር፣ ስንት ቀን እንደሆናት ይንገርህ። ቁጥሩን በወረቀት ገልብጠህ ኪስህ ውስጥ ያዘው።

ከዚያ አጥፋው።

በሰው አገር ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ፤ ሩፋኤል ካለህበት አይለይህ።

ያንተው
እታገኘሁ