«አላህ ያስፈታህ» በማለት ስለተከሰስኩበት ወንጀል

ለክቡር ኮማንደር አብዱልሃዲ
የጣቢያችን አዛዥ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በተለይም መኪናዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛቸው እመኛለሁ። እኔ ሩፈይዳ ሙሀጅር፣ የሰቶ ሰመሮ ነዋሪና ደዶ ላይ የፊዚክስ መምህርት፣ ወንድሜን ኡመይርን ከእስር አስመልጠሻል ተብዬ አራት ቀን በጣቢያዎ ከተስተናገድኩ በኋላ በዋስ ወጥቻለሁ። ማክሰኞ ችሎት ስለምቀርብ፣ ከዚያ በፊት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ወንድሜ ሊሙ ገነት ላይ በተነሳ ጠብ ተጠርጥሮ ሲያዝ፣ ሕጉ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ቢልም፣ ለእንግዳ ካለዎት ፍቅር የተነሳ አሥራ አንድ ቀን አቆይተውታልና አመሰግናለሁ።

፪. በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባልዲና ሳሙና አስይዘው፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ያቆሙትን መኪናዎን እንዲያጥብ ያለ አጃቢ ስለላኩት አመሰግናለሁ። ጎማው ሳይቀር አጥቦ፣ ባልዲውን ደፍቶ መሄዱን ሰምቻለሁ። የጀመረውን ሳይጨርስ የማይነሳ ልጅ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ አርባ ሁለት ተማሪዎች ፊት ቆሜ ስለ ስበት ሳስረዳ ነበር፤ ማምለጡን የሰማሁት ሊይዙኝ ከመጡት ፖሊሶችዎ ነው።

፫. ማስረጃው ይህ ነው፦ በዋዜማው ምሳ አድርሼለት ስወጣ «አላህ ያስፈታህ» ብዬዋለሁ። ብያለሁ፤ አልክድም። በአገራችን እስረኛ ጠይቆ ይህን ሳይል የሚወጣ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። ክሱ ግን «ለማምለጥ ማነሳሳትና ማደፋፈር» ይለዋል። የወንጀል ሕጉን ገዝቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እስረኛን አውቆ መርዳት እንደሚያስጠይቅ አገኘሁ፤ ዱዓ ማድረግ እንደሚያስጠይቅ ግን አላገኘሁም። በር ከፍቶ ወንዝ ዳር መላክን በተመለከተ እርስዎም አንድ ጊዜ ቢያነቡት መልካም ነው።

፬. በሩ ላይ የቆሙት ኮንስታብል ኤልያስ ያን ጊዜ ጮክ ብለው «አሜን፣ እህቴ!» ብለውኝ ነበር። ዛሬ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ናቸው። ያስፈታህ ባይዋ ተከሳሽ፣ አሜን ባዩ ምስክር የሆኑበትን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም።

ባለፈው ሐሙስ ቢሮዎ አስጠርተው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እንደ አባትሽ ነኝ፤ በማምለጡ ተማክረናል ብለሽ ፈርሚ፣ በገደብ ትለቀቂያለሽ» ስላሉኝ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ወረቀቱን አንብቦ ይቀደው ነበር። ፊርማዬ የእርስዎን ጥፋት ያጥባል፤ እኔን ግን ወንጀለኛ አድርጎ ከማስተማሪያ ክፍሌ ያስወጣኛል። አልፈርምም። ማክሰኞ ጥፋተኛ ብባል እንኳ አልፈርምም። ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ ተመልሰህ ዳኛ ፊት ቁም እለው ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዳኛ ፊት አቅርቡኝ ሲል የለመነው እሱ ነው፤ ያላቀረቡት እርስዎ ነዎት።

በታላቅ አክብሮት፣ ግን አንገቴን ሳልደፋ፣
ሩፈይዳ ሙሀጅር

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት ጭማሪ፦ እርስዎን በመከላከያ ምስክርነት ስለቆጠርኩ መጥሪያው ደርሶዎታል። ቢቀሩ በፖሊስ ተይዘው እንዲቀርቡልኝ አመለክታለሁ። አጃቢዎን ግን ከወዲሁ በጥንቃቄ ይምረጡ፤ መንገድ ላይ ቢያመልጡ ተከሳሿ ማን እንደምትሆን ከልምድ አውቀዋለሁ።