ሦስተኛው ቀረጻ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? እማዬ እግሯን ተሻላት? ቦንጋ ዝናቡ አባራ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? ትንሿን ራዕይን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የሆነውን በስልክ ልነግርሽ ብዬ ገና ስምሽን ስጠራ ድምፄ ተቆራረጠ። አንቺም ኔትወርክ ነው ብለሽ ዘጋሽው። ኔትወርክ አልነበረም።

ባለፈው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቀራንዮ ባለው አዲሱ አዳራሻችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ኦርኬስትራ ቀረጻ ተመረቀ። አንቺ እያለሽ የጀመርነው የዚያ ሲምፎኒ ዘገምተኛ ክፍል ነው፤ ክላርኔቱ ብቻውን ረጅሙን ዜማ የሚወስድበት። ክረምቱን ሙሉ ተለማምደን ነሐሴ ላይ ቀዳነው። ካንቺ ወዲህ ክላርኔቱን የምትነፋው ሄኒ የምትባል ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ ያ ዜማ ግን ይከብዳታል፣ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። እኔም ቪዮላዬን ይዤ ከፊቷ ተቀምጬ አብሬያት እጨነቅ ነበር። ስለዚህ የምንሰማውን አውቀዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።

ጌድዮን እንደምታውቂው መሪያችን ነው፤ አሁን ደግሞ ሱፍ ለብሶ ሰባኪም ሆኗል። መድረክ ላይ ወጣና፣ "ዓይናችሁን ጨፍኑ" አለን። "አንዱን ሙዚቃ በሦስት ኦርኬስትራዎች አሰማችኋለሁ። ሁለቱ የውጭ ናቸው፣ ሦስተኛው የኛ ነው። በጆሯችሁ ፍረዱ።"

የመጀመሪያው ጥድፊያ ነበር። ክላርኔቱ ስብሰባ እንደረፈደበት ሰው ዜማውን አንስቶ ሮጠ፤ ባሶቹ ከኋላው እየተንደረደሩ ተከተሉት። ሁለተኛው ተንቀረፈፈ። ቫዮሊኖቹ እንደ ማር ይለጠጣሉ፣ ክላርኔቱም ያምራል፤ ግን ማንንም አይናፍቅም። ቁንጅና ብቻ። ሦስተኛው ተጀመረ። ቪዮላዎቹ ትንሽ ዝቅ ብለው ገቡ፤ "ይኸው፣ እኛ ነን" አልኩ በልቤ። ከዚያ ዜማው ሊጀምር ሲል ትንፋሽ ተሰማ። ሁለቴ፣ አጠር አጠር ተደርጎ የተሳበ፣ አልቅሳ እንደጨረሰች ሕፃን።

እህቴ፣ እንደዚያ የምትተነፍስ አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው። ልጅነቴን ሙሉ አንድ አልጋ ላይ አብሬያት ተኝቻለሁ።

ናፍቆት ነው ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ዜማው አለቀና ሁሉም መሣሪያ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ ደረሰ። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ሲል ተሰማኝ። ቀራንዮ አዳራሹ ከግቢ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ የታክሲ ድምፅ አይደርስበትም። ረዳት የሚጮህብን አየር ጤና ተርሚናሉ አጠገብ በተከራየነው በድሮው አዳራሽ ነበር። ከመታገድሽ በፊት ለሙከራ ብለን የቀዳነው ነው። የሰማሁት አንቺን ነው።

ሙዚቃው ሲያበቃ መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌው ጋሽ መዝገቡ ነበሩ። "የፊተኞቹ ሁለቱ ሙያ ናቸው፤ ይሄኛው ግን ቅባት አለበት!" አሉ እጃቸውን አንስተው። አዳራሹ "አሜን" አለ። እኒህ ሰው ናቸው በጉባኤ ፊት የእገዳሽን ቃል ያነበቡት። "የልጁን አባት ስም ጥሪ" ሲሉሽ ዝም ባልሽ ጊዜ፣ ከረከሰ ዕቃ ምስጋና አይወጣም ያሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ባንቺ እስትንፋስ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል! ግድግዳው ላይ ደግሞ በትልቁ "ክላርኔት፦ ሄኒ" የሚል ጽሑፍ በርቷል። ዞር ብዬ አየኋት። አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች።

ጌድዮንን ከመድረክ ጀርባ ሳምቡሳ ሲበላ አገኘሁትና "ይሄ የእህቴ ነው" አልኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ስለ ረዳቱ ጩኸት ስነግረው ሳቁን ተወና በሩን ዘጋ። የነሐሴው እንዳልተሳካ፣ ያንን ይዞ ሰው ፊት መቅረብ እንደማይቻል ነገረኝ።

"ታዲያ ስሟን ለምን አልጻፍክም?"

"የታገደ ሰው ስም በአገልግሎት ላይ አይጻፍም። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።"

"ስሟ ይረክሳል፣ ትንፋሿ አይረክስም?"

"ክብሩ እኮ የጌታ ነው፤ ማንም ነፋው ማን ምን ለውጥ አለው?" አለኝ፣ የጣቱን ዘይት በሶፍት እየጠረገ። ክብሩን ለጌታ፣ ጭብጨባውን ለራሱ! ያን ዘይት የነካ ጣት እያየሁ አንገሸገሸኝ። ቤት ገብቼ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ፤ እሱን ሳልጨብጠው።

በማግስቱ እሁድ ሄኒን እዚያው ጉባኤ ፊት ጠሯት። ጋሽ መዝገቡ ያንኑ ዜማ በአካል እንድታሰማ ጠየቋት። ልጅቷ ክላርኔቷን ወንበር ላይ አስቀመጠችና ማይኩን ያዘች። "የሰማችሁት እኔን አይደለም። ያገዳችኋትን እህት ነው" ብላ ተቀመጠች። አሁን ነገር ሊፈነዳ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጋሽ መዝገቡ ተነሥተው የመከፋፈልን መንፈስ ገሠጹ፤ ከዚያ ስለ ውሃ ታንከሩ ማስታወቂያ ተነገረ። አለቀ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ስለ ታንከሩ ነበር የሚያወራው።

በሳምንቱ ቀረጻውን ኢንተርኔት ላይ ከፍቼ አየሁት። አላወረዱትም። "ክላርኔት፦ ሄኒ" የሚለውን ፍቀው "ክላርኔት፦ የኅብረታችን አገልጋይ" ብለዋል። ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ይሄ የተጠረበው፣ የተለሰለሰው ውሸት ነው የባሰ የቀፈፈኝ። ቪዮላው የቤተ ክርስቲያኗ ስለሆነ ከነሳጥኑ መልሼ አስረከብኩ። ሄኒም ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ አንዳንድ ቀን ቤቴ ትመጣና አብረን ምሳ እንበላለን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቪዮላውን ባስረከብኩ ዕለት አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ጌድዮን ተከትሎኝ መጣ። ተመለሺ ሊለኝ ነው ብዬ ስድቤን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አጠገቤ ተሰለፈ። ከዚያ ፊቴን ሳያይ፣ "ልጅቷ ማንን ትመስላለች?" አለኝ።

መውለድሽን እዚህ ሁሉም ያውቃል። ሴት ትሁን ወንድ ግን ላንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝም አልነበረም።

ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አገጩ ላይ ያለችውን ስርጉዳት። እስከዛሬ ስንት ዓመት ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲመራኝ እጁን ብቻ ነበር ለካ የማየው።

"እናቷን" አልኩት።

ታክሲው መጣና ገባሁ። ዋሸሁት። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ከእንግዲህ አንቺንም የምጠይቅሽ ነገር የለኝም፤ ካልፈለግሽ አትንገሪኝ። የሰማይ አምላክ ደጃችሁን ይጠብቅልኝ፣ እማዬን ያቁምልን፣ አንድ ማዕድ የምንቀርብበትን ቀን ያፍጥንልን።

ሁሌም ካንቺ ጋር የምትቆመው
ታናሽ እህትሽ፣ ከኮልፌ