አልፋዋን አልሸጥናትም

ለምወድህ ወንድምዓለም ሱሀይል፣ ካለህበት ይድረስህ።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? ክረምቱ እንዴት አለፈ? የኮቨንትሪ ብርድ ጉልበትህ ላይ ደግሞ ተነሣብህ ወይ? ዋሲላስ ደህና ናት? ሰልማን ጥርሱን ቀየረ? ትንሿ ነኢማ አሁንም ፎቶ ስትነሣ ዓይኗን ትጨፍናለች? የሁላችሁም ደህንነት ቀን ከሌት ያሳስበኛል፤ ለዱዓ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ከአፌ አትጠፉም።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ዘንድሮ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ጭቃ ሲያስረግጠን ከርሞ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ወጥታ ሰዉ እህሉን ሰብስቧል። ሱቁም እንደ አቅሚቲ ይሸጣል። ልጄ ኢሕሳን አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ በቁመት በልጣኛለች። አባባ ዓይናቸው ይበልጥ ደክሟል። ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። ጨርቅ ግን አሁንም በጣታቸው ዳሰው ደግ የሆነውን ከተራው ይለዩልኛል፤ ተሳስተው አያውቁም። ስልክ ብደውልልህ ኔትወርኩ ግማሹን እየዋጠ ያስቸግራል። አባባም «ይሄ ነገር ተቆራርጦ የሚነገር አይደለም፤ ቁጭ ብለሽ ጻፊለት» ስላሉኝ ዛሬ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ይህን እጽፍልሃለሁ።

በነሐሴ የላክህልኝን የድምፅ መልእክት አሥር ጊዜ ሳልሰማው አልቀርም። እንዲያ ተናደህ ሰምቼህ አላውቅም። ጠቅላይ ሚኒስትር በጠቅላይ ሚኒስትር ላይ ሲቀያየር የሐኪም ቤቱ ወረፋ እንዳለ መሆኑን፣ ሁሉም ሲመጣ ቃል ገብቶ ሲሄድ ሰበብ ትቶ እንደሚሄድ፣ የመንገዱ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ የታክሲህን ሞላ እንደሰበረብህ ነገርከኝ። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ሳቄ መጣ፤ ጉድጓድ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀጥለህ ያልከው ግን ሳቄን አጠፋው። «እዚህ ሀገር መኪና አርባ ዓመት ሲሞላው ተከብሮ ከግብር ነፃ ይሆናል፤ እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ገብሬ አሁንም መቼ ነው የምትመለሰው ይሉኛል» አልክ። ወንድምዬ፣ ይህን ስትል ድምፅህ የእማማ ቀብር ዕለት የነበረውን መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ጎረቤትህ ወደ ኮሊን መጣህ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሯቸው መጋዘን ያንን አሮጌ የሩጫ መኪና አብራችሁ ስትፈቱና ስትገጥሙ የኖራችሁት ሽማግሌ፣ በምርጫው ሰሞን መጤ ይውጣልን የሚለውን ፓርቲ ወረቀት መስኮታቸው ላይ ለጥፈው አገኘሃቸው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሰዎች የስደተኛ ማደሪያ ሊያቃጥሉ አደባባይ ሲወጡ አንተ ታክሲህን አቁመህ ከነልጆችህ ቤት ተዘግተህ ሰነበትክ። ብጥብጡ ሲበርድ ሄደህ የተናገርካቸውን ተናግረህ፣ ሞተሩን እንደተፈታ መሬት ላይ ትተህ ወጣህ። መጨረሻ ላይ ለኔ «ከእንግዲህ መኪና የሚባል ነገር አታንሱብኝ፤ የአባባንም አልፋ ሽጧት» ብለህ ዘጋኸው።

ታዛዥ እህትህ ነኝና ገዢ ፈለግሁ። ባምላክ የሚባል አሮጌ መኪና የሚሰበስብ የባሕር ዳር ሰው «ሞተሯ ከተነሣ እወስዳታለሁ» አለኝ። ሞተሯ ግን የሚነሣ አልነበረም። ያቺ አባባ በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ከአንድ ጣሊያናዊ የመንገድ መሐንዲስ የገዟት፣ አውቶቡሱ ባሕር ዳር ሳይገባ እሳቸውን አድርሳ ሻይ ታስጠጣቸው የነበረች መኪና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሱቁ ጓሮ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራውን ብገልጠው ዶሮ ኋላ ወንበሯ ላይ ሰባት እንቁላል ጥላ አገኘሁ። እዚህ ዳንግላ ያለው መካኒክ ደሴ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ኮፈኗን ከፍቶ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅሉትን ሁለቱን ካርቡራተሮች ሲያይ ግን ከንፈሩን መጠጠና «እኔ የለመድኩት ኮምፒውተር ሰክቼ ነው፤ የዚችን ዓመል የሚያውቅ እንጅባራ ያሉት ጋሽ ክንዴ ብቻ ናቸው» አለኝ። የጋሽ ክንዴ ስም አባባ ፊት እንደማይነሣ ታውቃለህ። ሸራዋን መልሼ አለበስኳት።

አሁን ደግሞ የደበቅሁህን ልንገርህና ይቅር በለኝ። በጥቅምት መጀመሪያ ከፖስታ ቤት አንድ ጥቅል መጣልኝ። አንተ የላክኸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ብገለብጠው ላኪው ኮሊን ናቸው። ከዚህ በፊት ዕቃ ስትልክ የሚያሽጉልህ እሳቸው ስለነበሩ አድራሻችንን ያውቁታል። ቀኑን ሳይ ከጠባችሁ በኋላ የተላከ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ተናደድኩ። ወንድሜን ውጣ የሚል ሰው ምን አባቱ ሊልክልኝ ነው ብዬ ሳልከፍተው ከጠረጴዛው ሥር ወረወርኩት። ሁለት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ።

አንድ ሐሙስ አባባ በትራቸው ወድቃባቸው ሲያጎነብሱ እጃቸው ጥቅሉ ላይ አረፈ። ዳር ዳሩ ተቀዶ ነበርና ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱት። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። «ሲሀም፣ ይሄ የአልፋ ጓርኒሲዮን ነው፤ የሞተሯ ማሸጊያ» አሉ። «ማን ላከው?» መዋሸት አቃተኝና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአንተን ኩርፊያ፣ የምርጫውን ነገር፣ ሁሉንም። ኢሕሳንን ጠርተው ውስጡ ያለውን ወረቀት አስነበቡ። እሷ እየተረጎመች ያነበበችውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፦

«ለሱሀይል አባት። ይህን ጓርኒሲዮን በልጅዎ በኩል ቃል ገብቼልዎት ነበር፤ ከአንድ ጡረተኛ መካኒክ አገኘሁት። ልጅዎ በሩን አይከፍትልኝም፤ አልፈርድበትም። እኔ ያን ወረቀት የለጠፍኩት በመንግሥት ተቆጥቼ ነው። ባለቤቴ ወረፋ ስትጠብቅ ነው የሞተችው። ሱሀይልን ከሰፈሬ ለማስወጣት አልነበረም። እሱ ግን ሁለቱም፣ መንግሥትን መውቀሱም መጤን ማስወጣቱም፣ በአንድ ወረቀት ላይ እንደተጻፉ በጣቱ አሳየኝ። እስካሁን የምመልስለት አላገኘሁም። ሞተሩን በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ።»

አባባ ጓርኒሲዮኑን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ዳር ዳሩን በጣታቸው ተከተሉት። እኔ ስለ ኮሊን ደግም ይሁን ክፉ የሚናገሩ መስሎኝ ስጠብቅ «ነገ እንጅባራ ውሰጂኝ» አሉኝ።

የአባባንና የጋሽ ክንዴን ጠብ አንተም ቆመህ አይተሃል። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሁለቱ በሁለት ወገን ቆመው ጋራዡ በር ላይ ሲከራከሩ፣ አባባ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ከብሎን ሌላ ምን ታውቃለህ?» አሏቸው። ጋሽ ክንዴም ሊጠግኗት ይዘውት የነበረውን የአልፋዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው «እንግዲያው ብሎን የማያውቅ ያጥብቅልህ» ብለው ሰጧቸው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እማማ ስትሞት ጋሽ ክንዴን ከቀባሪው ኋላ ቆመው አይቻቸዋለሁ፤ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ።

በማግስቱ አልፋዋን አይሱዙ ላይ ጭነን እንጅባራ ገባን። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ጋሽ ክንዴ ጋራዡ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ካንዴላ ይፍቃሉ። አርጅተዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሽ አንድ ጆሯቸው ጨርሶ እንደማይሰማ ቀድማ ነግራኛለች። አባባን እጃቸውን ይዤ ፊታቸው አቆምኳቸው። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዝግታ «ክንዴ፣ ብሎን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ መጣሁ» አሉ። ጋሽ ክንዴ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «አቤት?» አሉ። አባባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። «ምን አልክ?» አሉ አሁንም። ሦስተኛው ላይ አባባ በጩኸት «ብሎን የሚያውቅ ሰው! አንተን! አንተን ፈልጌ መጣሁ!» ሲሉ የባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ዞረው አዩ። ያኔ ጋሽ ክንዴ ካንዴላውን አስቀመጡና «ገና በመጀመሪያው ሰምቼህ ነበር» አሉ። አባባ በትራቸውን አነሡ፤ ሊመቷቸው ነው ብዬ ስደነግጥ አንገት ለአንገት ተቃቀፉ።

ሦስት ቀን እዚያው ሰነበትን። እትዬ ይመኙሽ የእኛን ሃይማኖት አስባ ሥጋ ወደ ቤቷ አላስገባችም፤ ድንችና ሽሮ፣ ማርና እርጎ ስታቀርብልን ሰነበተች። ጓርኒሲዮኑ ልክክ ብሎ ገባ። የከበደው ካርቡራተሩ ነበር። ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ አልፋዋ እየሳለች ትጠፋለች። ድሮ ጋሽ ክንዴ በጎማ ቱቦ እያዳመጡ ነበር የሚያስተካክሉት፤ አሁን ያን ቀጭን ፉጨት ጆሯቸው አይይዘውም። አባባ ደግሞ ጆሯቸው እንጂ ዓይናቸው የለም። እናም አባባ ቱቦውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «የግራው ይበልጣል፣ ትንሽ ቀንስ» ይላሉ፣ ጋሽ ክንዴ በካቻቢቴ ያዞራሉ። ሱሀይል፣ ብታያቸው ሥራህን ጥለህ ትመጣ ነበር።

ታርቀው አለቀ እንዳትል ደግሞ። በሁለተኛው ቀን ያው የዘጠና ሰባቱ ክርክር ተነሣ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ሲብስባቸው በአገውኛ። ጋሽ ክንዴ ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወረወሩት። አባባም «ካፖርቴን አምጭ፣ እንሂድ» አሉኝ። ካፖርቱን አምጥቼ ሳለብሳቸው አባባ ባሉበት ቆም ብለው አዳመጡና «ክንዴ፣ የቀኙ አየር አብዝቶ እየሳበ ነው» አሉ። ጋሽ ክንዴም እያጉረመረሙ ካቻቢቴያቸውን ከመሬት አነሡ። ማን ትክክል እንደነበር እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

በሦስተኛው ቀን እኔ መሪ ይዤ፣ አባባ ጎኔ፣ ጋሽ ክንዴ ኋላ አገጫቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ዘንገና ሐይቅ ወጣን። ዳገቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ ያቺ የልጅነታችን ድምፅ መጣች። አባባ ስንት ላይ ነሽ አሉኝ። እንዳይሰጉ ብዬ ሰባ አልኩ። «ትዋሺያለሽ፤ ዘጠና አልፈሻል» አሉና ሳቁ። ሐይቁ አጠገብ ስንቆም ጭሷ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጭስ የላትም አልኳቸው። «ይህን ለሱሀይል ጻፊለት» ያሉኝ ያኔ ነው።

ባምላክ በሳምንቱ መጣ። አባባ ከጎኑ ተቀምጠው እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ አዞርኩት፤ ልቡ ጠፋ። ስንመለስ አባባ «ልጄ፣ መኪናዋ አሁን የሁለት ሰው ናት፤ ክንዴ ደግሞ አይሸጥም» ብለው በክብር ሸኙት። ጋሽ ክንዴን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ወንድምዬ፣ ስለዚያ ሀገር መንግሥት የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ ንዴትህንም አልቀንስልህም። ልጆችህን ይዘህ ቤት ተዘግተህ የዋልክበትን ቀን እኔ አልዋልኩትም። ታረቅ ብዬም አልሰብክህም፤ ኮሊን ራሳቸው የሚመልሱት እንደሌላቸው ጽፈዋል። ግን አባባ ሃያ ዓመት ቂም ይዘው ምን እንዳተረፉ ስጠይቃቸው «ሃያ ዓመት የሚጨቃጨቀኝ ሰው አጣሁ» አሉኝ። አንተም ለመጨቃጨቅም ቢሆን ሂድ። የልብህን ንገራቸው፤ እሳቸውም የልባቸውን ይንገሩህ፤ እጃችሁ ግን ሥራ አይፍታ። በቀጣዩም ምርጫ ድምፅህን ስጥ፤ በመልእክትህ ተናድጄ ትቼዋለሁ ያልከው አልተዋጠልኝም።

አባባ ዱዓቸውን ልከውልሃል፤ ግንባርህን ስመዋል። ኢሕሳን አጎቴን ናፍቄያለሁ ትላለች፤ የኮሊንን ደብዳቤ ዋናውን አብራ አሽጋልሃለች። ጋሽ ክንዴና እትዬ ይመኙሽ ሰላም ብለውሃል። ደሴም እንዲሁ፤ አሁን በየሳምንቱ እንጅባራ እየሄደ ካርቡራተር ይማራል። ለዋሲላ እቅፍ አድርጌ ሰላምታዬን አቅርቤያለሁ። ሰልማንን በሁለቱም ጉንጩ፣ ነኢማን ደግሞ በተጨፈነው ዓይኗ ላይ ሳምልኝ። ለኮሊንም «ጓርኒሲዮኑ ልክክ ብሏል፤ አባቴ አመስግነዋል» በላቸው። ይህን በደብዳቤ ልጽፍላቸው ኢሕሳንን አስቀምጫት ነበር፤ አባባ ከለከሉን። «በር ለበር እየኖሩ ከዳንግላ ምን ያስጽፋል? ሱሀይል አንኳኩቶ ይንገራቸው» ብለዋል።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሲሀም ዓብዱልሀሚድ

ዳንግላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.