ከድር ያቀረበው የኔ መልስ

ወልቂጤ፣ ረቡዕ ኅዳር 10

ሦስት ቀን የለፋሁበትን ነገር አብሮ አደጌ ከድር ዛሬ ክፍል ውስጥ የራሱ አድርጎ አቀረበው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ሁለት የሜሞሪ በፈሮችን (የዳታ ማስቀመጫዎችን) ሲያወዳድር፣ በውስጣቸው ያሉት ባይቶች አንድ ሆነው ሳለ «እኩል አይደሉም» የሚለው ለምን እንደሆነ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ባይቶቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚወስነው ፎርማት ኮድ በአንዱ c ስለሆነ እንደ ፊደል፣ በሌላው B ስለሆነ እንደ ቁጥር ያነባቸዋል። ይህን የነገርኩት ለከድር ብቻ ነው፣ ከቡታጅራ ስንመጣ ሚኒባስ ውስጥ።

መምህሩ «እንዴት ደረስክበት?» ሲሉት፣ «ሁለቱንም ወደ B ስለውጣቸው እኩል ሆኑ» አላቸው፤ ቃል በቃል እንደነገርኩት።

ስንወጣ «ወላሂ ሐያት፣ አንቺ ሰው ፊት መናገር ስለማትወጂ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልወድም። ለሱ ብቻ የነገርኩትም ለዚያ ነበር።