ዳማና ያልተቀበለችው ግልገል

ረቡዕ

ወንድ ነው። ቁርስ ሳልቀምስ በጌ ዳማ ወለደች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀይ፣ አጭር፣ ጭራው ከአሁኑ ወፈር ያለ። ቁርጥ አባቱን።

አባትየው ክረምት ላይ ሞቶብኛል። ሌሎቹ ሁለቱ በጎች አላረገዙም። እንግዲህ ይህ የቡሌ ደጋ ዘር በግቢዬ የሚቀጥለው በዚህ ግልገል ብቻ ነው። የጪጩው ነጋዴ አቶ ከድር ከባሕር ማዶ ዘር የተዳቀለ ትልቅ አውራ በግ አለኝ እያለ ይጎተጉተኛል። የእሱን ግልገሎች አይቻቸዋለሁ፦ ሲያዩዋቸው ያምራሉ፣ ዝናብ ሲነካቸው ይስላሉ። የእኔዎቹ ብርድ አያውቁም። የእንሰት ቅጠል ካገኙ ሌላ አይጠይቁም።

ዳማ የወለደችው ለማዳበሪያ ባስደፋሁት የቡና ገለፈት ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል። ግልገሉ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ውሃ አሙቄ በሳሙና አጠብኩት፣ በፎጣ አደረቅኩት። ሲቆም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለጥፍር ምርመራ የተሰለፈ ተማሪ መሰለኝ።

ማታ፦ ሊጠባ ሲጠጋ ዳማ በግንባሯ ገፋችው። እንገሩን ሳያገኝ እንዳያድር እሷን ከምሰሶው አስሬ፣ በጉልበቴ ደግፌ አስጠባሁት። ነገ ይለቃት ይሆናል።

ሐሙስ

አለቀቃትም። ታሸተዋለች፣ ትሸሻለች።

ቅጠል ስቆርጥ ድንገት ገባኝና ቢላዬን አስቀመጥኩ። በግ ልጇን የምታውቀው አሽትታ ነው። እኔ ያን ሽታ በሳሙና አውጥቼ ደፋሁት። ንጽሕና ብዬ!

ጎረቤቴ ጅግሶ ለባለርስቱ ቡና ለቀማ ሲያልፍ በአጥር በኩል ነገርኩት። ቅርጫቱን አስቀምጦ ሳቀ።

«በሳሙና? እማማ፣ በግ ነው ወይስ ሙሽራ?»

ከዚያ ውሻውን አመጣ። «ውሻ ሲያይ ዳማ ልጁን ያስታውሳል» አለኝ።

«‹ልጇን ታስታውሳለች› በል።»

«እሺ እማማ። እሱም ያስታውሳል።»

ማንም አላስታወሰም። ዳማ ውሻውን ትታ ጅግሶን ጉልበቱ ላይ መታችው። ውሻው ከሁላችንም በፊት በሩን አለፈ። ጅግሶ እያነከሰ፣ እየሳቀ ሄደ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የግልገሉ ሆድ ጎድጉዷል።

ዓርብ

የወሰንኩት፦

ጠዋት፣ ቀትር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ዳማን ይዤ አስጠባዋለሁ። ሰዓት አላዛንፍም።

ከወተቷ ጀርባውን እቀባዋለሁ። ጨው እነሰንስበታለሁ፤ ብትልሰው።

የመጨረሻው ለእኔ ከባዱ ነው፦ አላጸዳውም። የጠባው የእሷው ወተት በሆዱ አልፎ ሲወጣ የእሷን ሽታ ሳይዝ አይቀርም። ስለዚህ ጭራውን አልነካም።

ጨዉን ላሰችው። ጨዉ ሲያልቅ ገፋችው። ጥቅመኛ!

ወገቤ አመመኝ። ጭራው ከወዲሁ ቢጫ ሆኗል። ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።

ቅዳሜ

አቶ ከድር ከገበያ ሲመለስ ጎራ አለ። አፍንጫውን በነጠላው ያዘ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ግቢ እንዲህ ይሸታል? እኔ እኮ እዚህ ስመጣ ጫማዬን የምጠርገው እርስዎን ፈርቼ ነው።»

«ዛሬ መጥረግ አያስፈልግም።»

ግልገሉን አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ይህ አይሰነብትም። ማክሰኞ አውራዬን ላምጣልዎ?»

«ማክሰኞ ይምጡ፤ ሻይ አፈላለሁ። አውራው ግን እቤቱ ይቆይ።»

በአፌ እንዲህ አልኩ። ከሄደ በኋላ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ቢሞትስ? ሌላ የቡሌ አውራ ፍለጋ ያን ዳገት የምወጣበት ጉልበት የለኝም። ጅግሶም ለቀማው እስኪያልቅ አይለቀቅም።

ማታ ሲጠባ ዳማ ጭራውን ደጋግማ አሸተተችው። አልገፋችውም። ግን ታስራ ነበር፤ የታሰረ ሰውም ጨዋ ይመስላል።

እሑድ

ጠዋት ሆን ብዬ ሳላስራት ወደ ጸሎት ሄድኩ። ከስብከቱ አንድም ቃል አልሰማሁም። ጌታ ይቅር ይበለኝ። መዝሙሩ ሲያልቅ ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ፤ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ግልገሉ በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ ይጠባል። ያ ቆሻሻ ጭራው ይንቀጠቀጣል። ዳማ አፍንጫዋን እዚያው ላይ ደቅና፣ በጉሮሮዋ ዝቅ ያለ ድምፅ ታሰማለች። አልታሰረችም። ማንም አልያዛትም።

ጠብቶ ሲጨርስ እጄ ሳላዘው ጨርቅ አነሳ። ጭራውን ብቻ፣ ትንሽ ጠረግ ላደርገው ጠጋ አልኩ። ዳማ በእኔና በእሱ መካከል ገባች። አይኔን እያየች በፊት እግሯ መሬቱን መታች።

ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጨርቁን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ይሽተት።