ጌምህን እንግዛው ወይስ ይቅር?

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለገዛኸኝ፤

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ናፍቆት አንገብግቦኝ ብዕር አነሳሁ ብልህ እዋሽሃለሁ። ናፍቆቱማ የዘወትር ነው፤ ለምጄዋለሁ። ዛሬ ያስቀመጠኝ ንዴት ነው። ሞተህም በጌም ታስጨቀጭቀኛለህ።

በፊት የቤቱን ልንገርህ። የጓዳው ጣሪያ ተቀይሯል፤ «ነገ» እያልክ የተውከውን ቆርቆሮ ያስመታሁት እኔ ነኝ። ማኅሌት አምስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ግንባሯም ግትርነቷም ያንተ ነው። እኔ እዚሁ ሞላሌ እንግሊዝኛ ማስተማሬን አልተውኩም። ሬዲዮ ትጠግንበት የነበረውን ሱቅ ፀጉር አስተካካይ ተከራይቶታል፤ እስከ ዛሬ ድረስ የገበያ ቀን የተበላሸ ሬዲዮ አቅፎ የሚመጣበት ሰው አይጠፋም። መሞትህን ሲነግራቸው ሬዲዮውን እንዳቀፉ ቆመው ያለቅሳሉ አሉ። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም በወር አንዴ ከሚኖሩበት ከቀየት መጥተው ያዩናል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ። ወንድምህ ሽመልስ ደብረ ብርሃን የጌም ማጫወቻ ቤት ከፍቷል። ጥቅምት ላይ ደወለና ያ የድሮ ጌምህ፣ ያ ሰይፍ ታጥቀህ ከመንደር መንደር የምትዞርበት፣ በአዲስ መልክ ተሠርቶ ወጣ አለኝ። ታሪኩ ያው ሆኖ ሥዕሉ ታድሷል፤ አንድ ጓደኛው ከዱባይ ይዞ መጥቷል፤ ሲመለስ ለእኛም ኦሪጅናሉን ያመጣልናል፤ ማስታወሻህ ይሁን። አንተ ሳትጨርሰው ስለሄድክ እኛ እንጨርስልህ አለኝ።

አይሆንም አልኩት። በሳምንቱ ደወለ። እንደገና አይሆንም ስለው ለማኅሌት ነገራትና እሷ ደግሞ በሌላ በኩል ያዘችኝ። እራት ላይ ጌም፣ የቤት ሥራ ስትሠራ ጌም። እናትህ ሳይቀሩ ሰምተው መጡ። ያን ሰይፈኛ በስምህ ሰይመኸው «እኔ ነኝ» ብለህ አሳይተሃቸው ነበርና፣ ከተቀመጡበት ቀና ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«በአዲሱም ገዛኸኝ አለበት?»

ምን ልበላቸው? አንተ ያስቀመጥከው ሁሉ አሮጌው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፣ አዲሱ አይቀበለውም፣ ሁሉም ከሀ ይጀመራል ብዬ ማስረዳት አቃተኝ። የለም አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉ በአንተም በሽመልስም አንድ ላይ ተናደድኩ።

ደግሞስ ያ ጌም ምን አድርጎልኝ ነው የምገዛው? እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ሳታጣጥም ከኮምፒዩተሩ ፊት ትሰየም ነበር። እንግሊዝኛው ስለማይገባህ እኔን አጠገብህ አስቀምጠህ አንብቢልኝ ትላለህ። ሳምንቱን ሙሉ ለስልሳ ተማሪ ስጮህ ሰንብቼ እሑድን ለጌም ሰዎች አስተርጓሚ ሆንኩ። እነሱ ደግሞ ችግራቸው አያልቅም። አንዱ ቀለበቱ ጠፍቶበታል፣ አንዷ ለልጇ ቅጠል ትፈልጋለች። ዋናውን ጦርነት ትተህ የሁሉንም ጣጣ ትሸከማለህ። እናትህ በግ ጠፋችብኝ ብለው ቢልኩብህ ነገ እሄዳለሁ አልክ፤ ጌሙ ውስጥ ላለችው መበለት ግን ሦስት እሑድ ሙሉ ፍየል ፈለግህላት። ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ሲጠሩህ አሞኛል ብለህ ቀርተህ፣ እዚያ መንደር ሽማግሌ ሆነህ ሁለት ጎረቤት ስታስታርቅ ዋልክ። መቼም ተበሳጭቼ አላባራሁም። ግን ጌሙ ውስጥ ያለችውን የመድኃኒተኛ አሮጊት ቃል በመንዝ አሮጊት ድምፅ ሳነብልህ እንባህ እስኪወርድ የሳቅከውን ሳቅ፣ እሱን አልክድም።

በመጨረሻ ሰለቸኝ። ጥር ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማኅሌትን እናትህ ዘንድ ትቼ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አይቼው ልቁረጥ አልኩ። ሽመልስ የጓደኛውን ለአንድ ቀን ተውሶ፣ ቤቱን ለደንበኛ ዘግቶ ጠበቀኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ያምራል። ሣሩ በነፋስ ሲተኛ የጓሳን ሜዳ ያየሁ መሰለኝ። ያንተ ጌም ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተለጠፈ ነበር። አዲሱ እንደ ድሮው መሀል ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ግን የምትሄድበትን መንገድ ቀስት ያሳይሃል፤ መጥፋት የለም። አንተ ያን የውኃ ጉድጓድ ፍለጋ ስንት እሑድ ፈጀህ! የባሰው ደግሞ ሰዎቹ ይናገራሉ። የሚነበብ የለም። አሮጊቷ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ያለ ድምፅ አውጥታ ስታወራ፣ ከሥራዬ የተባረርኩ ያህል ከፋኝ።

የጓደኛው ጨዋታ የደረሰው አንተ ከቆምክበት ነበር፤ የመጨረሻዋ ከተማ በር ላይ። ሽመልስ ወደ ዘበኛው ተጠጋ። ዘበኛው አፉን ከፍቶ በሩ ክፍት ነው፣ ግባ አለ።

ተነስቼ ወጣሁ።

ገዜ፣ ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ያን ክረምት ጉበትህ አድክሞህ፣ ትራስ አስደግፌህ እዚያ በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው ምን ይላል አልከኝ። ላብህ ይንቆረቆራል። እንድታርፍ ፈልጌ፣ በሩ የሚከፈተው ክረምቱ ሲወጣ ነው ይላል አልኩህ። አመንከኝ። «እንጠብቃለና» ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ በየጠዋቱ ዝናቡ አባራ ወይ ትለኝ ጀመር። ነሐሴ ሳያልቅ ሄድክ። ጌምህ ያላለቀው ጊዜ አጥሮህ አይደለም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁህ። ሽመልስ ሳይጨርሰው ሄደ ባለ ቁጥር ስልኩን የምዘጋበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሽመልስ ተከትሎኝ ወጣ። ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ነገሩን ለምን እንዲህ አጥብቆ እንደያዘው ጠየቅኩት።

«እትዬ፣ እኔ አንድም ቀን አብሬው አልተጫወትኩም» አለኝ። «ስታድግ ይለኝ ነበር።»

ሦስት ወር ሲነዘንዘኝ ይህን አንዴ ቢለኝ ኖሮ ምን ነበረበት? የእናንተ ቤት ሰው ዋናውን ነገር ለመናገር ዘላለም ይፈጅበታል። በል ግዛው አልኩት፤ ግን ለራስህ ነው የምትገዛው፣ ለእሱ ማስታወሻ እያልክ በእኔ አታሳብብ። ለእኔ አይሆነኝም። ላንተ ግን ይገባሃል። በመዳፉ ፊቱን ጠረግ አድርጎ እሺ አለኝ።

ማኅሌት አለመግዛቴን ስትሰማ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ታሪኩን ንገሪኝ አለች። ከመጀመሪያዋ መንደር ጀመርኩላት። አሁን ሦስተኛው መንደር ላይ ነን፤ ላሳጥረው ብል አልተቻለኝም። ቅጠሉ ተገኘ ወይ? ልጁስ ዳነ? ትለኛለች። ደም ወዴት ይሸሻል።

እኔም አሁን አልዋሽም። ያልገባኝን አልገባኝም እላታለሁ፣ አንተ የሠራኸውን ሁሉ ሳላስቀር እነግራታለሁ፣ ፍየሏንም ጭምር። አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ሲጠይቋት የምትለው አታጣም።

ሽመልስ ጨዋታውን ጀምሯል። ከከተማዋ ውስጥ ያለውን እንዳይነግረኝ በማርያም አስምዬዋለሁ። አንተ ያላየኸውን እኔ አስቀድሜ አላይም፤ አንተ ዘንድ እስክመጣ ድረስ ሳላውቀው ልቆይ።

የአንተው
ወይንሸት